የትኛውን ጀርመናዊ ጄኔራል ላጥና? የአምስት አዛዦች የጦርነት ዘመን ሲነጻጸር

የሴሚናር ወረቀት የታዘዘ የታሪክ ተማሪም ሆነ ለዩቲዩብ ትረካ የሚያዘጋጅ ሰው «አንድ የጀርመን ጄኔራል ልምረጥ» ሲል እጁ ቀድሞ የሚያርፈው ሮሜል ላይ ነው። ሮሜል መጥፎ ምርጫ አይደለም። ነገር ግን ስለ እሱ የተጻፈው ክምር ጀማሪን ውጦ ያስቀራል፤ ከዚህም በላይ አብዛኛው ሰው ለያዘው ጥያቄ የተሻለ መልስ ያለው ሌላ አዛዥ ጋ ነው። ስለ ስንቅና ነዳጅ ማወቅ የፈለገ ሰውና ስለ ጦር ወንጀል ማወቅ የፈለገ ሰው አንድ ጄኔራል ይዘው ቢቀመጡ ከሁለት አንዳቸው ወራቸውን ያባክናሉ።

ከዚህ በታች አምስት አዛዦች ቀርበዋል፤ አራቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ አንዱ ከመጀመሪያው። በሌላ ካልተገለጸ በቀር ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ታሪኩን የነገረን ማን እንደሆነ ነው። «ታሪክ የሚጻፈው በአሸናፊ ነው» ሲባል እንሰማለን። በጀርመን ጄኔራሎች ላይ ግን ይህ አልሠራም። ከ1945 በኋላ የቀድሞው የጀርመን ምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ፍራንዝ ሃልደር ለዓመታት ከአሜሪካ ጦር የታሪክ ክፍል ጋር ሲሠራ፣ የተማረኩ መኮንኖችም ስለ ምሥራቁ ግንባር በራሳቸው እጅ ዘገባ ሲጽፉ ቆዩ። በ1950ዎቹ የወጡት የጄኔራሎች ማስታወሻዎች ደግሞ አንድ ዜማ ነበራቸው፦ ስህተቱ የሂትለር፣ ሽንፈቱ የጭቃውና የበረዶው፣ ግድያው የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ክንፍ)፣ እኛ ወታደሮች ነበርን። ይህን ዜማ በሕዝብ ፊት የሰበረው ከ1995 ጀምሮ ሃምቡርግ ላይ ተከፍቶ በየከተማው የዞረው ስለ ጀርመን ጦር ወንጀሎች የተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ነው። ስለዚህ የምትመርጡት አዛዥ ታሪኩ ከራሱ ብዕር ውጭ በሌላ ምንጭ ሊጣራ ይችላል ወይ? ይህ ካልተመለሰ የቀሩት መመዘኛዎች ዋጋ የላቸውም።

ሁለተኛው በጦርነቱ ያዘዘው እርከን ነው። ክፍለ ጦር የመራ ሰው ስለ ወንዝ መሻገርና ስለ መልሶ ማጥቃት ያስተምራል፤ ብዙ ጦሮችን አንድ ላይ የያዘ የሠራዊት ምድብ አዛዥ ደግሞ ስለ መጠባበቂያ ኃይል፣ ስለ ባቡር መስመርና ከበላይ ጋር ስለሚደረግ ንትርክ። ሦስተኛው፣ ያገኘው ድል የዘመቻውን ዓላማ ወደፊት ገፍቶታል ወይ የሚለው ነው። አራተኛው በእዙ ሥር በነበረው አካባቢ በሲቪሎችና በምርኮኞች ላይ የተፈጸመው ነገር ነው። የመጨረሻው ዋጋ ነው፤ ዋጋ ስል ገንዘብ ሳይሆን የሚፈጅባችሁ ጊዜና ቋንቋ። በአማርኛ ያለው ጥቂት ስለሆነ እንግሊዝኛ ግድ ነው፤ ጀርመንኛ ያላችሁ ደግሞ በጣም ትጠቀማላችሁ።

የታንክ ጦር አዛዡን ጉደሪያንን የተውኩት ለዚህ ንጽጽር ከማንሽታይን የተለየ ነገር ስለማይሰጥ ነው፤ ማስታወሻው ከሥራው በላይ ገንኗል። ኬሰልሪንግን ደግሞ የተውኩት የአየር ኃይል ሰው ስለሆነ ነው።

## ኤርዊን ሮሜል

በሜይ 1940 ሮሜል የሚመራው 7ኛው የታንክ ክፍለ ጦር ቤልጂየም ውስጥ ዲናን አጠገብ የሜዝን ወንዝ ተሻገረ። ከስምንት ቀን በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ አራስ በምትባል ከተማ ላይ የእንግሊዝ ማቲልዳ ታንኮች መጡበት፤ የጀርመኖቹ ትንንሽ ፀረ ታንክ መድፎች ጥይት የታንኮቹን ብረት መብሳት ሲያቅተው ለአውሮፕላን የተሠራውን 88 ሚሊ ሜትር መድፍ አስደፍቶ መታቸው። ለክፍለ ጦር ደረጃ ትምህርት ይህ ብቻ አንድ ሴሚናር ይሞላል።

የሰሜን አፍሪካው በረሃ ግን ሌላ ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1941 ትሪፖሊ ሲደርስ የታዘዘው የሚፈርሰውን የጣሊያን ግንባር ደግፎ እንዲያቆም ነበር። ማርች 24 ኤል አጌይላን ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። በርሊን ውስጥ ሃልደር በንዴት ጦፎ ምክትሉን ፓውሉስን ልኮ ሁኔታውን እንዲያይ አደረገ። ይህን ፓውሉስ ወደ ታች እናገኘዋለን።

የእኛም ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሮሜል ሊቢያ ሲወርድ እንግሊዞች ኃይላቸውን ከፋፍለው ነበር። ከግብፅ በረሃ የተነሳው 4ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ከረን ላይ ከጣሊያኖች ጋር ተያይዟል፤ ደቡብ አፍሪካውያን ደግሞ በኬንያ በኩል ገብተው በዚያው ፌብሩዋሪ ሜጋን ይዘዋል። ሜጋን ከያዙት አንዱ 5ኛው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ነበር፤ ይኸው ብርጌድ ዘጠኝ ወር ቆይቶ፣ ኖቬምበር 23 ቀን፣ ሊቢያ ውስጥ ሲዲ ረዜግ ላይ በሮሜል ታንኮች ተደመሰሰ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሮሜል የሊቢያዋን ወደብ ቶብሩክን ከቦ ነበር። ሁለቱን ግንባሮች አያይዞ የሚያይ ወረቀት ለእኛ አንባቢ ከሌላው ሁሉ የቀረበ ይመስለኛል።

የ1942 ድሎቹን ያነበበ ሰው ጮሌነቱን ማድነቁ አይቀርም። ከጮሌነቱ ጀርባ ግን ጆሮ ነበር። ካይሮ የነበረው የአሜሪካ ወታደራዊ አታሼ ኮሎኔል ቦነር ፌለርስ ስለ እንግሊዝ ጦር ወደ ዋሽንግተን የሚልከው ዝርዝር ዘገባ ኮዱ ተሰብሮ ሮሜል ጋ ይደርስ ነበር። ይህ በጁን መጨረሻ ተዘጋ። ጁላይ 10 ደግሞ ቴል ኤል ኢሳ ላይ አውስትራሊያውያን የሮሜልን የሬዲዮ ጠለፋ ክፍል ደመሰሱት፤ ሰነዶቹንም ማረኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሮሜል እንደ ድሮው ትልቅ ድል አላገኘም ማለት ይቻላል። አንዱ ብቻውን ሌላውን አመጣ አልልም፤ የአጋጣሚው መቀራረብ ግን ሊመረመር የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ነገር ነዳጅ ነው። ጁን 21 ቶብሩክ ወደ 33,000 ምርኮኛ ይዞ ወደቀ፤ ሮሜል በማግስቱ ፊልድ ማርሻል ተባለ። ሹመቱ ግን ከትሪፖሊ ግብፅ ውስጥ እስካለው ኤል አላሜይን ያለውን 2,000 ኪሎ ሜትር ግድም አላሳጠረለትም። ነዳጅ የጫነው ካሚዮን ለመንገዱ ራሱ ነዳጅ ይበላል፤ በሜዲትራኒያን ባሕር ደሴት በማልታ ያሉት እንግሊዞች መርከቡን ያሰምጣሉ። ኦክቶበር 23 የአላሜይን ጦርነት ሲከፈት ሮሜል በሕመም ፈቃድ አውሮፓ ነበር፤ ሲመለስ የጠበቀው ባዶ በርሜል ነው። ማርች 1943 አፍሪካን ለቅቆ ወጣ፤ ሜይ 13 የቀረው ጦር ቱኒዚያ ላይ እጁን ሰጠ። ብዙ ጦርነት አሸንፎ ዘመቻውን የተሸነፈ አዛዥ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

መጠንቀቂያው ሁለት ነው። የናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር የጎብልስ ሥራ ነው ያገነነው፤ ቸርችል ራሱ በፓርላማ አሞግሶታል፤ ስለዚህ በሁለቱም ወገን ያለው ምስል የተቀባ ነው። «የበረሃው ጦርነት ንጹሕ ነበር» የሚለውም እንዲሁ አይዋጥም። በ1942 በዋልተር ራውፍ የሚመራ የአይሁዶች ግድያ ክፍል የሮሜልን ጦር ተከትሎ ግብፅና ፍልስጤም ሊገባ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳይገባ የቀረው ግንባሩ አላሜይን ላይ ስለቆመ ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 1944 በሂትለር ግድያ ሴራ ተጠርጥሮ መርዝ እንዲጠጣ መገደዱ ለትረካ የሚመች መጨረሻ ነው፤ ስለ ሴራው ምን ያህል ያውቅ ነበር የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል፤ የተረጋገጠ አስመስላችሁ አትተርኩት።

## ኤሪክ ፎን ማንሽታይን

በእርከን ስፋት ከአምስቱ አንደኛ ነው። የፖላንድ ዘመቻ ላይ የሠራዊት ምድብ ኤታማዦር፤ ቀጥሎ በአርደን ደን በኩል ፈረንሳይን የሰነጠቀው እቅድ አፍላቂ፤ ቀጥሎ የኮር (የጥቂት ክፍለ ጦሮች ስብስብ) አዛዥ፤ ከሴፕቴምበር 1941 ጀምሮ የ11ኛው ጦር አዛዥ በክሪሚያ፤ ከኖቬምበር 1942 በኋላ ደግሞ የሠራዊት ምድብ አዛዥ። በፌብሩዋሪና ማርች 1943 እያፈገፈገ የሶቭየትን ጦር መስመር ካስረዘመ በኋላ ከጎን መትቶ ካርኮቭን ያስመለሰበት ዘመቻ እስከ ዛሬ በጦር አካዳሚዎች ይጠናል። ከዚያ በኋላ ግን የኩርስክ ጦርነት ሽንፈት መጣ፤ ማርች 30 ቀን 1944 ሂትለር አሰናበተው።

የማንሽታይን ችግር ብዕሩ ነው። በ1955 ያሳተመው ማስታወሻ በደንብ የተጻፈ ስለሆነ አንባቢን ይዞ ይሄዳል። አንባቢው የማያገኘው ኖቬምበር 20 ቀን 1941 በማንሽታይን ፊርማ የወጣውን ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ «የአይሁድና የቦልሼቪክ ሥርዓት» ለአንዴና ለመጨረሻ እንዲጠፋ ይላል፤ በአይሁዶች ላይ የሚፈጸመውን ጭካኔ ወታደሩ እንዲረዳው ያሳስባል። በቀጣዩ ወር ይኸው ጦር በያዛት ሲምፈሮፖል ከ10,000 በላይ አይሁዶች ተረሸኑ። በ1946 ማንሽታይን ኑረምበርግ ላይ በተካሄደው የናዚ መሪዎች ችሎት ለምስክርነት ቀርቦ ሳለ ዓቃቤ ሕግ ወረቀቱን አወጣበት። መልሱ «ትዝ አይለኝም» የሚል ነበር።

በ1949 ሃምቡርግ ላይ የእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ከ17 ክስ በዘጠኙ ጥፋተኛ ብሎ 18 ዓመት ፈረደበት፤ ወደ 12 ተቀነሰለት፤ በ1953 ተፈታ። ከዚያም አዲሱ የምዕራብ ጀርመን ጦር ሲቋቋም አማካሪ ሆነ። ስለዚህ ማንሽታይንን የሚመርጥ ሰው የዘመቻውን ካርታና የፍርድ ቤቱን መዝገብ ጎን ለጎን ካልያዘ ግማሽ ሰው ነው የሚያጠናው። ሁለቱን ለመያዝ ደግሞ ወራት ያስፈልጋል።

## ፍሪድሪክ ፓውሉስ

ጊዜ ለሌለው ሰው እመክረዋለሁ። ታሪኩ ጠባብ፣ ምንጩ ብዙ፣ ጥያቄው ጥርት ያለ ነው፦ ጥሩ የቢሮ መኮንን ጥሩ አዛዥ ይሆናል ወይ?

ፓውሉስ ከ1940 ጀምሮ የሶቭየት ወረራ እቅድ ላይ የሠራ፣ ሥርዓት ያለው፣ ንጽሕናው የሚወራለት መኮንን ነበር። በጃንዋሪ 1942 6ኛው ጦር ሲሰጠው ግን ክፍለ ጦርም ሆነ ኮር መርቶ አያውቅም። ከዚያ በፊት የያዘው ትልቁ የውጊያ ክፍል ሻለቃ ነው፤ ከሻለቃ ወደ ሩብ ሚሊዮን ሰው። ኖቬምበር 23 ስታሊንግራድ ላይ ተከበበ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ጎሪንግ በአውሮፕላን እቀልባችኋለሁ አለ። የተከበበው ጦር በቀን ቢያንስ 300 ቶን ያስፈልገው ነበር፤ የደረሰው በአማካይ ከ100 ቶን ብዙም አልዘለለም። ሰብሮ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ሂትለር ቆይ አለ፤ ፓውሉስ ቆየ። ማንሽታይን በዲሴምበር ከውጭ ሊደርስለት ሞከረ፤ አልቻለም። በኋላ ሁለቱም ጥፋቱን ወደ ሌላው ገፉት፤ በዚህ ጉዳይ የማንሽታይንን ቃል ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም።

ጃንዋሪ 30 ቀን 1943 ሂትለር የፊልድ ማርሻል ማዕረግ ላከለት። የጀርመን ፊልድ ማርሻል ተማርኮ ስለማያውቅ የማዕረጉ ትርጉም «ራስህን ግደል» መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። በማግስቱ ጠዋት ከዩኒቨርማግ መደብር ምድር ቤት ጢሙን ሳይላጭ ወጥቶ እጁን ሰጠ። ከተማረኩት 91,000 ገደማ ሰዎች አገራቸው የተመለሱት 6,000 አይሞሉም። እሱ ከሶቭየቶች ጋር መሥራት ጀመረ፤ በ1946 ኑረምበርግ ላይ በቀድሞ አለቆቹ ላይ መሰከረ፤ ሚስቱን ዳግም ሳያይ በ1957 ድሬስደን ሞተ። የዘመቻውን ቀጥተኛ መስመር ከሁለቱም ወገን ሰነድ ማጣራት ይቻላል፤ ይህ ለጀማሪ ትልቅ ጥቅም ነው።

## ጎታርድ ሃይንሪቺ

ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ለቁምነገረኛ ተማሪ ከአምስቱ የምመርጠው እሱን ነው። የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ፣ የሚስቱ ወላጅ በናዚ ሕግ አይሁዳዊ የሚባል፣ በፓርቲው የማይወደድ መከላከል ዐዋቂ። ከ1942 መጀመሪያ ጀምሮ 4ኛውን ጦር መራ፤ በ1943 መጨረሻ ኦርሻ አካባቢ ከእሱ የሚበልጥ የሶቭየት ኃይልን ደጋግሞ መለሰ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ጠላት በመድፍ ሊቀጠቅጥ መሆኑን ከምርኮኛና ከቅኝት ሲያውቅ ሌሊቱን የፊተኛውን ምሽግ ባዶ አድርጎ ወታደሩን ወደ ሁለተኛው መስመር ይመልሳል። ኤፕሪል 16 ቀን 1945 ከበርሊን በስተምሥራቅ በዜሎቭ ኮረብታዎች ላይ ይህንኑ አደረገ፤ የሶቭየቱ ማርሻል የዡኮቭ መድፍ ባብዛኛው የደበደበው የተለቀቀ ጉድጓድ ነበር። ኮረብታዎቹን ለማለፍ ሦስት አራት ቀን ፈጀ። በወሩ መጨረሻ ያለ ፈቃድ አፈግፍገሃል ተብሎ ተባረረ።

የሚመረጥበት ዋና ምክንያት ግን ውጊያው አይደለም። ለሚስቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎችና የቀን ማስታወሻው ተርፈዋል፤ በጊዜው የተጻፉ እንጂ ከሽንፈት በኋላ የተቀነባበሩ አይደሉም። ኖቬምበር 1941 ላይ አስተርጓሚው የሚይዛቸውን ፓርቲዛኖች ሲሰቅል ሃይንሪቺ በማስታወሻው አንድ መመሪያ መዝግቧል፦ ከመስኮቴ 100 ሜትር ባልሞላ ቦታ ላይ አትስቀል፤ በጠዋት ሲያዩት ደስ አይልም። ስቅላቱን አላስቆመም። መስኮቱን ነው ያሰበው። በ1950ዎቹ የታተሙት ማስታወሻዎች እንዲህ ያለ ነገር አይሰጧችሁም።

ጉዳቱ፣ በእንግሊዝኛ ያለው ጥቂት መሆኑ ነው፤ ያለ ጀርመንኛ ብዙ ርቀት አትሄዱም።

## ፓውል ፎን ሌቶ ፎርቤክ

ወደ አፍሪካ ለሚያዘነብል። በጃንዋሪ 1914 ዳሬ ሰላም ደረሰ፤ በኖቬምበር ታንጋ ላይ በ1,000 ግድም ሰው 8,000 የሚሆን የእንግሊዝና የሕንድ ጦር ወደ መርከቡ መለሰ። በተኩሱ የተቆጣ የንብ መንጋ ሁለቱንም ወገን ነድፏል። ከዚያ አራት ዓመት ከዛሬዋ ታንዛኒያ ወደ ሞዛምቢክ፣ ከሞዛምቢክ ወደ ዛምቢያ እየዞረ ቆየ፤ አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1918፣ ዛምቢያ ውስጥ አበርኮርን ላይ እጁን ሰጠ። አብረውት ከ150 በላይ ጀርመኖችና ከ1,100 በላይ አስካሪዎች (ለጀርመን የሚዋጉ አፍሪካውያን ወታደሮች) ነበሩ።

«ያልተሸነፈው ጄኔራል» ይሉታል። ተሸካሚ ሆነው የተገደዱት፣ እህላቸው የተወሰደባቸው የመንደር ሰዎች በዚህ ስም ውስጥ የሉም። በእንግሊዝ ወገን ብቻ ከ90,000 በላይ ተሸካሚዎች ሞተዋል፤ በጀርመን ወገን ማን ይቁጠር። በዚህ ርዕስ ላይ የአፍሪካውያንን ወገን መፈለግ ከባድ ቢሆንም አዲስ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው።

## በአጭሩ ሲታይ

| አዛዥ | በጦርነቱ የያዘው | ምንጩ ይጣራል? | የሚጠቅመው ለምን | ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| ሮሜል | ክፍለ ጦር እስከ ሠራዊት ምድብ | አዎ፣ ግን ተረት በዝቶበታል | ታክቲክ፣ ስንቅ፣ መረጃ | አንድ ወር |
| ማንሽታይን | ኮር እስከ ሠራዊት ምድብ | በፍርድ ቤት መዝገብ | ዘመቻ፣ የጦር ወንጀል | ብዙ ወራት |
| ፓውሉስ | አንድ ጦር | ከሁለቱም ወገን | ውሳኔ፣ ከበባ | ሁለት ሳምንት |
| ሃይንሪቺ | ኮር እስከ ሠራዊት ምድብ | በጊዜው ደብዳቤ | መከላከል፣ ሕሊና | ጀርመንኛ ካለ አንድ ወር |
| ሌቶ ፎርቤክ | የቅኝ ግዛት ጦር | በከፊል | የደፈጣ ውጊያ፣ ቅኝ አገዛዝ | ሦስት ሳምንት |

## ለማን የትኛው?

ለአንድ ትረካ የአንድ ሰዓት ጽሑፍ የምታዘጋጁ ከሆነ ፓውሉስን ያዙ። መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ አለው፤ ከኖቬምበር 19 የሶቭየት መልሶ ማጥቃት ተነስታችሁ ምድር ቤቱ ድረስ ብትሄዱ ይበቃል። ሮሜልን ለትረካ የምትፈልጉ ደግሞ ሙሉ ሕይወቱን ተዉት፤ ከጁን 21 እስከ ኖቬምበር 4 ቀን 1942 ያለውን ብቻ ውሰዱ፤ ቶብሩክ፣ የሬዲዮ ጠለፋው ክፍልና ነዳጁ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። የማጣሪያ ምንጭም አለ፦ አላሜይን ላይ የተማረከው የአፍሪካ ኮር አዛዥ ፎን ቶማና ሌሎች ጄኔራሎች ለንደን አቅራቢያ ትሬንት ፓርክ በታሰሩበት ቤት ንግግራቸው በድብቅ ማይክሮፎን ይቀዳ ነበር፤ ጽሑፉ ወጥቷል።

በውትድርና ሙያ ላላችሁ፣ ማጥቃት ከሆነ የማንሽታይን የካርኮቭ ዘመቻ፣ መከላከል ከሆነ ሃይንሪቺ። ከሁለቱ ሁለተኛው የአነስተኛ ጦርን ችግር ስለሚያሳይ በተግባር የሚቀርበን እሱ ይመስለኛል። ለአፍሪካ ታሪክ ተማሪ ሌቶ ፎርቤክ፤ ነገር ግን ርዕሱን ጄኔራሉ ላይ ሳይሆን ተሸካሚዎቹ ላይ አድርጉት፤ አማካሪያችሁም ቶሎ ይቀበላችኋል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራና ስድስት ወር ላለው ሰው ሁለት አዛዦች አጣምሮ መያዝ ይሻላል። የማንሽታይን ትእዛዝና የሃይንሪቺ የመስኮት ማስታወሻ የተጻፉት በአንድ ወር፣ በአንድ ዘመቻ፣ በአንድ አገር ሠራዊት ውስጥ ነው፤ አንዱ ወታደሩ ሁሉ እንዲሰማው የወጣ፣ ሌላው ማንም እንዲያየው ያልታሰበ። ከእነዚህ ሁለት ወረቀቶች ጀምሩ፤ ካርታውን ቀጥሎ ዘርጉ፤ የ1950ዎቹን ማስታወሻዎች በመጨረሻ ክፈቱ።